መብራቱ በርቶ ሞተሩ የማይነሣበት ምክንያት



ሞተሩ ወርዶ፥ ተበትኖ፥ ታጥቦ፥ ያረጀው ዕቃ በአዲስ ተለውጦለት ወደ ቦታው የተመለሰ መኪና፥ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ቢል ባለቤቱ የሚሰማውን ኀዘን የቀመሰ ያውቀዋል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ሳምንታቱ አልፈዋል፤ መካኒኩም እጁን ጠርጎ «አሁን ይሞክሩት» ብሏል። በዛሬው ንግግሬ ላስረዳዎት የምፈልገው፥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲያጋጥም ጥፋቱ ከታደሰው ሞተር ይሁን ወይስ ኤሌክትሪክ ከሚመላለስበት መንገድ፥ ሞተሩ ዳግመኛ ሳይበተን እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ ነው።

አስቀድሜ ልናገር የሚገባኝ፥ እኔ በሙያዬ መካኒክ አለመሆኔን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ስፈጽም የያዝኋት ጥቂት የፊዚክስ ዕውቀት አለችኝ፤ እንጀራዬ ግን የሚገኘው ከማይክሮፎን ፊት ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት አንድ ነገር በዓይኔ ስላየሁ፥ ያየሁትን ለብቻዬ ይዤ መቅረት አልወደድሁም።

በሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት አሉ። እኛ ታናናሾቻቸው «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። ጋሼ ለብዙ ዘመን የያዟት አንዲት ቮልስዋገን አለቻቸው፤ ጀርመኖቹ ቅርጿን አይተው «ጥንዚዛ» ያሏት፥ እኛም ባጭሩ «ቮልስ» የምንላት ናት። የዚህች ዐይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻይቱ በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ወጣች። በአዲስ አበባ ጎዳና ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስትሄድ ትታያለች። የጋሼ ቮልስ ዳገት እየከበዳት፥ ዘይትም እየጠጣች ስላስቸገረቻቸው ሞተሯን ለማሳደስ ቈረጡ። ገንዘቡ የዕቁብ ዕጣ የወጣላቸው ነበር። ዕጣ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ለባለ ዕጣው የሚቀረው ሥራ መክፈል ብቻ እንደ ሆነ አንባቢ አይስተውም።

ሥራውን የተቀበለው ጋራዥ ዋና መካኒክ ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ነው። ሞተሩን በእጁ የገጠመው ግን ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ረዳት ልጅ ነበር። ፒስተኑ፥ ፋሻውና ብሮንዚኑ በአዲስ ተለወጡ። ካምቢዮውም የተሸከሙት ጎማዎች አርጅተው ስለ ነበር አብሮ ወረደ፤ ታጠበና ጥቁር ቀለም ተቀባ። የመኪናዋም የታችኛው አካል ከዝገት እንዲጠበቅ እንዲሁ ተቀባ። ሥራው ሲታይ ያምር ነበር።

ቁልፉ በዞረ ጊዜ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሌላ ነገር የለም። ደግመው አዞሩት፤ አሁንም «ጠቅ»። ባትሪው በሌላ ተለወጠ፤ ለውጥ አልመጣም። ዋናው መካኒክ ሁለት ሽቦ የተቀጠለባትን የመፈተኛ አምፑል አመጣና አንደኛውን ሽቦ ወፍራሙ የባትሪ ገመድ በሞተሪኖው ላይ ከሚታሰርበት ጫፍ፥ ሁለተኛውን ከካምቢዮው ብረት ላይ አስነካ። አምፑሏ ቦግ ብላ በራች። «ኤሌክትሪኩ ሞልቶ ተርፎ ደርሷል፤ እንግዲህ የጠበቀው ሞተሩ ነው» አለ። ወደ ረዳቱም ዞሮ «ብሮንዚኑን አንቀህ ገድለኸዋል። ነገ ሞተሩን ታወርዳለህ፤ የተበላሸውም ዕቃ ከደመወዝህ ይታሰባል» አለው።

ልጁ ለዚህ መልስ አልሰጠም። ጥቂት ቆይቶ ግን፥ ከኋላ በኩል ካርቡራቶሩ አጠገብ ቆሞ ሳለ «የቤንዚን መስጫው ገመድ እጄን ፈጀኝ» አለ። ማንም ልብ አላለውም። እኔም ራሴ በዚያች ሰዓት ልብ አላልሁትም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ለራሴ አድልቼ መተረኬ ይሆናል።

ጋሼ ወደ ቤት ስንመለስ «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህና እስቲ እይልኝ፤ ሁለተኛ የሚበተን ሞተር የምከፍልበት የለኝም» አሉኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ። ያ የገመድ ነገር ትዝ ያለኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። የቤንዚን መስጫ ገመድ ሥራው መጎተት ነው፤ በመጎተት ብቻ ደግሞ እጅ እስኪፈጅ አይግልም። ታዲያ ያን ገመድ ምን አጋለው?

እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ በመኪና ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ማስረዳት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው አንደኛ ጫፍ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ሁለተኛው ጫፍ መመለስ አለበት። መመለሻ ካጣ ከነጭራሹ አይሄድም። በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋለኛው መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከፖዚቲቩ ጫፍ የሚነሣው ወፍራም ገመድ ከካምቢዮው ጋር ወደ ታሰረው ሞተሪኖ ይሄዳል። ከኔጋቲቩ ጫፍ የሚነሣው ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል፤ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት ይህን ነው። (ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ገበሬ ከሚያርሰው ማሳ ጋር ዝምድና የለውም።) ሞተሩና ካምቢዮው ግን የመኪናውን አካል በቀጥታ አይነኩም፤ መንቀጥቀጡ እንዳይሰማ በጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ፋብሪካው ከካምቢዮው ፊት ለፊት ወደ መኪናው አካል የሚሻገር፥ ከመዳብ ክር እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ማሰሪያ አድርጎለታል። ሞተሪኖው የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚያ ጉንጉን ነው። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፥ ከመኪናው ሥር የተደበቀ ነገር ስለ ሆነ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ጉንጉኑ ተረስቶ ቢቀር ወይም የታሰረበት ቦታ በዝገት ወይም በቀለም ቢሸፈን ምን ይሆናል? ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። ካምቢዮውንና ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙት ሌሎች ብረቶች የፍሪሲዮኑ ገመድና የቤንዚን መስጫው ገመድ ናቸው። ቀጫጭኖች ናቸውና የሞተሪኖን ጭነት አይችሉም፤ ይግላሉ። አብዝቶ ከተሞከረ የቀባናቸው ግራሶ ይጨሳል፤ ገመዶቹም ይበላሻሉ። ልጁ በእጁ የዳሰሰው እንግዲህ መንገድ ያጣውን ኤሌክትሪክ ነበር።

«አምፑሏስ ለምን በራች?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ጥቂት ልቆይበት። ጌዎርግ ኦም የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ በአንድ መሰናክል ላይ የሚቀረው የቮልት መጠን በመሰናክሉና በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ብዛት ይወሰናል፤ ሁለቱን ማባዛት ነው። በቀለም የተሸፈነው እስር 0.05 ኦም ብቻ የሆነ መሰናክል ፈጠረ እንበል። 5 ዋት የሆነች ትንሽ አምፑል በ12 ቮልት የምትጠጣው 0.4 አምፔር ያህል ነው። 0.4 በ0.05 ሲባዛ 0.02 ቮልት ይሆናል። ይህን ያህል ቢጎድልባት ዓይን ልዩነቱን አያየውም፤ ስለዚህ ቦግ ብላ ትበራለች። ሞተሪኖ ግን ሞተርን ለማዞር 100 አምፔርና ከዚያም በላይ ይሻል። 100 በ0.05 ሲባዛ 5 ቮልት ነው። ከ12ቱ ቮልት 5ቱ በመንገድ ከቀሩ ሞተሪኖው በምን ጉልበት ይዞራል? አንድ ሰው እንደ ልቡ የሚገባበት የአጥር በር የጥምቀትን ሕዝብ አያሳልፍም። በሩ ለሕዝብ ይበቃ እንደ ሆነ የሚታወቀው ሕዝቡ በመጣ ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክም መንገድ እንዲሁ መፈተን ያለበት ጭነቱን ተሸክሞ ሳለ ነው።

በድሮዎቹ ቮልሶች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እነርሱ በ6 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው፥ ለአንድ ዐይነት ጉልበት እጥፍ አምፔር ይጠጣሉ። በ12 ቮልት መኪና ላይ የማይታወቅ ትንሽ ዝገት በ6 ቮልቱ ላይ ሙሉ ቀን ያቆማል።

በማግስቱ ጧት ከመሥሪያ ቤታችን ቴክኒሽያን የቮልት መለኪያ ተውሼ ወደ ጋራዡ ሄድሁ። ዋናውን መካኒክ «እስከ ቀትር ድረስ ብቻ ይታገሡኝ» ብዬ ለመንሁት። ደስ አላለውም፤ ግን ጋሼን ስለሚያከብር እሺ አለ።

በመጀመሪያ መመለስ የሚገባው ጥያቄ ሞተሩ በእርግጥ ጠብቋል ወይ የሚለው ነበር። ይህን ለማወቅ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። አራቱ ካንዴላዎች ይወጣሉ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ የሞተሩን ዋና ፑሌጃ በ30 ቁጥር ቺያቬ በእጅ ማዞር ነው። ብሮንዚኑ የታነቀ ሞተር በዚህ ጊዜ እንደ ድንጋይ ይሆናል። አዲስ ሞተር በመጠኑ መክበዱ የተለመደ ነው፤ ግን ሳያቋርጥ እኩል ሊዞር ይገባዋል። ልጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረው። እኔም ተቀብዬ አዞርሁት። በዘይት እንደ ታሸ ነገር ለስለስ ብሎ ዞረ። ልጁ ቀና ብሎ ዋናውን መካኒክ አየው፤ ዋናው መካኒክ ግን ወደ ሌላ መኪና ሄዶ ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህም የቀለለ ነው፤ ማናቸውም ባለ መኪና መሣሪያ ሳይዝ ሊሞክረው ይችላል። በመኪናው ውስጥ ያለውን የጣራ መብራት አብርተው ቁልፉን ወደ ማስነሻው ያዙሩ። ሞተሩ የተቆለፈ እንደ ሆነ ሞተሪኖው ተቸክሎ ኤሌክትሪኩን ሁሉ ስለሚጠጣ መብራቱ ክፉኛ ይደበዝዛል። ባትሪው የደከመ እንደ ሆነም እንዲሁ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ባትሪው ደኅና መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። «ጠቅ» ብሎ መብራቱ እምብዛም ሳይደበዝዝ ከቀረ ግን፥ ሞተሪኖው የሚፈልገውን አላገኘም፤ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። የጋሼ መኪና መብራት እንዳለ ቆመ።

«ጠቅ» የሚለውም ድምፅ ራሱ ወሬ ይነግራል። ጀርመኖች ዲን 72552 በሚባለው ደንባቸው መሠረት በኤሌክትሪክ ዕቃው ጫፎች ላይ ቁጥር ያትማሉ። 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ነው፤ 50 ከቁልፉ ለሞተሪኖው የሚመጣው ትእዛዝ ነው፤ 31 ማሳ ነው። ድምፁ ከተሰማ በ50 የሚመጣው ትእዛዝ ደርሷል። ከነጭራሹ ድምፅ ከሌለ ግን ቁልፉን፥ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን ያን ረጅም ቀጭን ሽቦ ወይም የሽቦውን ጫፍ መጠርጠር ይገባል። ሞተር ሲወርድ ሲወጣ ይህ ሽቦ ተነቅሎ መቅረቱ ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ከዚያ መለኪያውን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዚቲቭ፥ ሌላውን ከኔጋቲቩ ምሰሶ ላይ አደረግሁ፤ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ይህ የሞላ ባትሪ ልክ ነው። ልጁ ቁልፉን እንዲያዞር ነገርሁትና አየሁ፤ ቮልቱ የወረደው በጥቂቱ ነው። በመቀጠል አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ፥ ሌላውን ከመኪናው አካል ላይ አደረግሁ፤ ቁልፉ ሲዞር 0.1 ቮልት እንኳ አልሞላም። መልካም ነው። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ ከመኪናው አካል፥ ሌላውን ከካምቢዮው ብረት ላይ አስነካሁ። ሁለቱ በመዳብ ጉንጉን የተገናኙ ናቸው ተብሎ ይታሰባልና ከ0.2 ቮልት በላይ ልዩነት ሊኖራቸው አይገባም። ቁልፉ ሲዞር የመለኪያው ቁጥር ከ6 ቮልት በላይ ዘለለ። ልጁን ጠርቼ መለኪያውን ሰጠሁትና እኔ ቁልፉን አዞርሁ። ሁለት ጊዜ አየው። «ጋሼን ልጥራቸው?» አለ።

መለኪያ የሌለው ሰው ደግሞ ባትሪ ከባትሪ የሚያበድሩበትን ወፍራም ገመድ ወስዶ፥ አንደኛውን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፥ ሁለተኛውን ከካምቢዮው ወይም ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ። ገመዱ ሲደረግ ሞተሩ ከዞረ፥ ሲነሣ ከቆመ፥ የጎደለው ማሳው ነው። እኛም ዋናው መካኒክ እንዲያምን ይህንኑ አደረግን። ሞተሩ ዞረ።

ከመኪናዋ ሥር ገብተን ባየነው ጊዜ ጉንጉኑ በቦታው ነበር፤ ቡሎኑም ጠብቋል። ነገር ግን ከሥሩም ከላዩም ያ የሚያምረው ቀለም ተለብጦበት ነበር። ቀለም እንደ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታን፤ ይህን ሳያደርግ ከመኪና ሥር በቺያቬ የሚሠራ ሰው በእሳት እንደሚጫወት ይቈጠራል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ሁለቱንም ወገን ፈገፈግን። ጉንጉኑም ግማሹ ክሩ ተበጥሶ ስለ ተገኘ ከሶማሌ ተራ አዲስ ተገዛ። ከታሰረ በኋላ እርጥበት እንዳይገባው ከላይ ቫዝሊን ተቀባ። መኪናዎን የሚቀቡ ሰዎች ቀለሙን ከማሳ ቦታዎች ላይ አስቀድመው በወረቀት ይሸፍኑ ዘንድ እመክራለሁ።

ከመቀመጫው ሥር ስላለው ባትሪ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የቮልስ መቀመጫ ከውስጡ የብረት ሽቦ ጠመዝማዛ አለው፤ በጥንቶቹ ላይ ደግሞ ሙሌቱ ደረቅ ጭረት ወይም ፀጉር ነው። ባትሪው ክዳኑን ካጣና ወፈር ያለ ሰው ከተቀመጠበት ሽቦው የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የጋሼም ባትሪ ክዳን አልነበረውም፤ የዚያኑ ቀን ተደረገለት።

አሁን ሞተሪኖው ሞተሩን እየፎከረ ያዞር ጀመር፤ ሞተሩ ግን አልያዘም። በካርቡራቶሩ በኩል እንደ ጉንፋን ያዘው ሰው አስነጠሰ። እዚህስ እኔ አልተደናገጥሁም፤ የሚዞርና የሚያስነጥስ ሞተር በጊዜው የማይመጣ እሳት እንዳለው ይናገራል። የሚፈተነው በቅደም ተከተል ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት ቦቢናው 15 ቁጥር ላይ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል? ከ1 ቁጥርና ከማሳ ጋር የተያያዘች አምፑል ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ድርግም ትላለች? ካላለች ፑንቲናው አይከፈትም፤ ወይም በሚገጠምበት ጊዜ የማያሳልፈው ማጠቢያ ተረስቶ ሽቦው ማሳ ነክቷል። የጋሼው ብልጭ ድርግም አለ። ስለዚህ የቀረው የካንዴላ ገመዶች ተራ ነበር። በቮልስ ተራው 1፥ 4፥ 3፥ 2 ነው፤ ሁለቱ ተለዋውጠው ተገኙ። ገመዶቹን የሰካው ማን እንደ ሆነ ልጁ ያውቃል፤ እኔም ሰምቻለሁ፤ ግን እርሱ ስላልተናገረ እኔም አልናገርም።

ሌላም አንድ ነገር ላክል። የዛሬዎቹ መኪኖች ኮምፒውተር ያላቸው ናቸው፤ ቁልፋቸውም ካልታወቀ ሞተሩን አያስነሡም። በእነርሱ ላይ ሽቦ እያገናኙ መሞከር ጉዳት ያመጣልና በመመሪያቸው ብቻ መሥራት ይገባል። ሞተራቸው ግን እንደ ጥንቱ በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ወደ አካላቸው የሚሻገር የማሳ ማሰሪያ ለእነርሱም አላቸው። በመለኪያው የሚደረገው ፈተና አልተለወጠም። ማናቸውንም መኪና ሲሞክሩ ደግሞ ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዙ፤ ሞተሪኖው እስኪበርድ ጥቂት ያሳርፉት።

ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት፥ አብዛኛው ሾፌር መኪናውን በመኖቬላ እያዞረ ያስነሣ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «እኔ ደግሞ ትናንት የተሰበረው ልቤ ነበር» አሉኝ።

ሞተሩ የተነሣው ከቀትር በፊት ነው። ዋናው መካኒክ መጥቶ ጆሮውን አዘንብሎ ጥቂት ሰማ፤ ከዚያ ረዳቱን «ዘይቱን እየው፤ ከሞቀ በኋላም ቫልቩን ደግመህ ለካ» አለው። ስለ ደመወዙ ዳግመኛ አልተነሣም። ጋሼ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲሄዱ ከጎናቸው ያስቀመጡት ልጁን ነው፤ እኔ ከኋላ፥ ክዳን ካገኘው ባትሪ በላይ ተቀመጥሁ።